የባሌው ልጅ፣ ሞ ፋራህ እና የመጨረሻው 400 ሜትር

በወንዶች 10 ሺህ ሜትር ለኢትዮጵያ የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያመጣው ማን ነው? ጥያቄው ኳስ በሚታይበት ቤት ውስጥ ቢነሳ ከአስር ሰው ዘጠኙ «ቀነኒሳ!» ማለቱ አይቀርም። አይደለም። የባሌው ልጅ ኢብራሂም ጄይላን ነው። ዓመቱ 2011 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ቦታው የደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ። ከዚያ ወዲህ ሰባት የዓለም ሻምፒዮናዎች ተካሂደዋል፤ ሰባቱም ወርቆች ወደ ሌላ አገር ሄደዋል። ሦስቱን ሞ ፋራህ፣ ሦስቱን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ፣ የ2025ቱን ደግሞ ፈረንሳዊው ጂሚ ግረሲዬ ወሰዱት። በመሀል ሰለሞን ባረጋ የቶኪዮ ኦሊምፒክን ወርቅ ስላመጣ ነገሩ ብዙም አልቆረቆረንም እንጂ፣ ኃይሌ አራት ጊዜ፣ ቀነኒሳም አራት ጊዜ ለነገሡበት ርቀት ይህ ቀላል ድርቅ አይደለም።

ታዲያ ጄይላን ያን ቀን እንዴት አሸነፈ?

በዚያ ዓመት ፋራህን በትራክ ላይ የሚያቆመው ጠፍቶ ነበር። ዩጂን ላይ 26፡46.57 ሮጦ የአውሮፓን ሪከርድ ይዟል። ቀነኒሳ በበኩሉ በጉዳት ምክንያት ሁለት ዓመት ገደማ ሳይወዳደር ቆይቶ ነው ዴጉ የገባው፤ አስር ዙር ገደማ ሲቀር ከትራኩ ወጣ። ያኔ እዚህ በየቤቱ ቴሌቪዥን የዘጋ ሰው ካለ ቁጭቱ እስከ ዛሬ አይወጣለትም። 500 ሜትር ገደማ ሲቀር ፋራህ ተፈተለከ። ደወሉ ሲደወል ክፍተት ፈጥሯል፣ ወርቁ አንገቱ ላይ ያለ መሰለ። ከኋላው ግን አንድ ቀጭን ልጅ ሳይጣደፍ ክፍተቱን መብላት ጀመረ። ትከሻው አልተነሳም፣ ጭንቅላቱ አልተወዛወዘም። የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ጎኑ ደረሰና አለፈው። 27፡13.81 ለ27፡14.07። ሩብ ሰከንድ! ነሐሱ የኢማነ መርጋ ሆነ።

ልጁ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በ2006 ቤጂንግ ላይ የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በዚያው ዓመት 10 ሺህ ሜትርን 27፡02.81 ሮጧል፣ ገና በአስራዎቹ ዕድሜ ሳለ። በ2008 ኤደንብራ ላይ የወጣቶችን አገር አቋራጭ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ከዓይን ራቀ። ጃፓን ሄዶ ለሆንዳ ቡድን ሮጠ። የጃፓን ኩባንያዎች ኤኪደን የሚሉት የጎዳና ላይ ዱላ ቅብብል አላቸው፤ ሕዝቡ እንደ እኛ የደርቢ ጨዋታ የሚጠብቀው ውድድር ነው። ስሙ የተረሳው ልጅ ዴጉ የመጣው ከዚያ ነው።

በሌላ በኩል የቆመው ፋራህ (የአርሰናል ደጋፊ መሆኑን ልብ ይሏል) በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ኦሪገን ተሻግሮ ለአልቤርቶ ሳላዛር እጁን ሰጥቶ ነበር። ሳላዛር የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ሰው የሆነን ሯጭ አሯሯጥ አፍርሶ እንደገና መሥራት ይወዳል። ክብደት ያስነሳል፣ ወገብና ሆድ ያጠነክራል፣ የእጅ አወዛወዝን ያርማል።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በብዛት የሚታየው በጎልፍ ነው። ጎልፍ ለእኛ አገር ተመልካች እንግዳ ቢሆንም ታሪኩ ያስተምራል። እንግሊዛዊው ኒክ ፋልዶ በ1985 ጥሩ ተጫዋች ሆኖ ሳለ የዱላ አመታቱን በአሰልጣኝ ዴቪድ ሊድቤተር እጅ ከሥሩ አስፈረሰው። ሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ኳስ እየመታ ተሰቃየ፤ «አበቃለት» ተባለ። በ1987 የብሪታኒያ ኦፕን የመጨረሻ ቀን 18ቱንም ጉድጓዶች ያለ አንድ ስህተት በተመደበለት ምት ጨርሶ ዋንጫውን አነሳ። ታይገር ዉድስ ደግሞ በ1997 ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት አሸንፎ ሲያበቃ ነው ከቡች ሃርመን ጋር አመታቱን የቀየረው። በ12 ምት ያሸነፈ ሰው ምን ይቀይራል? ዉድስ ግን ቀየረ፤ ከ2000 እስከ 2001 አራቱን ታላላቅ ውድድሮች በተከታታይ ጠራርጎ ወሰደ።

የጎልፍ ተጫዋች ግን ኳሷ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሯጩ ደግሞ የሚፈተነው 24 ዙር ከሮጠ በኋላ፣ ሳንባው ሲቃጠል ነው። ሰውነት ሲደክም ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አገጭ ይነሳል፣ ዳሌ ይሰምጣል። ሯጩ ፍጥነት የጨመረ እየመሰለው እርምጃውን ያረዝማል፤ እግሩ ከሰውነቱ ፊት ቀድሞ ሲያርፍ ግን ፍሬን እንደመያዝ ነው። ጥሩ ጨራሽ የሚባለው እግሩ ከዳሌው ሥር የሚያርፍ፣ ተረከዙ ወደ መቀመጫው ታጥፎ የሚመለስ፣ እጁን የማይጨብጥ ነው። እርምጃውን ከማርዘም ይልቅ ያፈጥነዋል።

አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ? ሳላዛር አሜሪካውያን ልጆቹን ሲያርም ለምሳሌነት የሚያሳያቸው የቀነኒሳን አሯሯጥ ነበር። የበቆጂውን ልጅ! ኦሪገን ውስጥ በካሜራና በመሣሪያ የሚፈለገው አረጋገጥ አርሲ ውስጥ በዳገትና በሣር ላይ የተገኘ ነው።

በእኛ አገር የአሰልጣኝ ባህሉ ሌላ ነው። ኃይሌ ደብተር ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ትምህርት ቤት እየሮጠ ያደገ ነውና ግራ ክንዱ ዓለም ሁሉ እንዳየው ታጥፎ ቀረ። ክንዱ ታጥፎም የዓለም ሪከርዶችን ሰበረ። በበቆጂ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ፣ ከሐረር የመጡት የስፖርት መምህር፣ ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነት ይዘዋል። የእርሳቸው ጂም ከከተማው ውጪ ያለው ጫካ ነው። ልጆቹ በዛፎች መሀል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ቁርጭምጭሚታቸው ይጠነክራል፣ ዓይናቸውም አይዘናጋም። በሰልፍ ሲሮጡ ደግሞ የፊተኛውን እግር መከተል ግዴታ ነው። የሚከተል ሰው የሌላውን ምት ይወስዳል፤ ማንም «እንዲህ ርገጥ» ሳይለው አረጋገጡ ይስተካከላል።

ከአዲስ አበባ በአሰላ በኩል ወደ ባሌ የሚሄድ ሰው ይህን ጫካ አልፎ ነው ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ ብሎ ሮቤ የሚገባው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎባ ከእሷም ከፍ ትላለች፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትርን ያልፋል። የአርሲ ምድር ያን ሁሉ ሻምፒዮን ሲያፈራ፣ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ባሌ ስሟ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። ከፍታው አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ቀዝቃዛው አየርም አለ። ልዩነቱ በቆጂ አንድ ስንታየሁ ማግኘቷ ላይ ይመስላል።

እግሩን ዳገቱ ይሠራዋል እንበል። ጭንቅላቱንስ? መቼ እንደሚመታ የሚያውቅ ሯጭ ከየት ይመጣል? የእኛ አሰልጣኞች የድሮ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነበር። በ1960 ሮም ላይ ኦኒ ኒስካነንና አበበ ቢቂላ መንገዱን አስቀድመው አይተው፣ አበበ የሚያመልጥበትን ቦታ መርጠው ነበር፤ ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ፣ ከፍጻሜው ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የሄደው ከዚያ ቦታ ነው። የመምቻው ሰዓት ሩጫው ሳይጀመር ተወስኖ ነበር።

የዴጉ ሩጫ ሲታይ ፋራህ የተሸነፈው በእግሩ አይደለም ያሰኛል። 500 ሜትር በዚያ ሙቀት ረጅም ነው፤ ቀድሞ አወጣው። ጄይላን ክፍተቱ ሲሰፋ ደንግጦ አብሮት ቢወጣ ኖሮ እሱም የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ይሞት ነበር። አልደነገጠም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞስኮ ላይ ሲገናኙ ግን ፋራህ ትምህርቱን ተምሮ መጥቷል። መሪነቱን ይዞ ለመጨረሻው 100 ሜትር ጉልበት አስቀረ፤ ጄይላን ሲመጣበት አንድ ማርሽ ጨመረ። 27፡21.71 ለ27፡22.23። ጄይላን ብር።

የሳላዛር ነገር ደግሞ በመጥፎ አለቀ። ፋራህ በ2017 ተለየው፤ በ2019 የዶሃው ሻምፒዮና በሚካሄድበት ሰሞን ሳላዛር በዶፒንግ ደንብ ጥሰት የአራት ዓመት ቅጣት ተጣለበት። በዚያ ቡድን ውስጥ የእኛው ዮሚፍ ቀጀልቻም ነበረበት። ረጅሙ ቀጀልቻ በዚያው ዓመት ቦስተን ላይ የቤት ውስጥ ማይልን በ3፡47.01 የዓለም ሪከርድ አድርጎ፣ ዶሃ ላይ በ10 ሺህ ከቼፕቴጌ ቀጥሎ ብር አግኝቷል። ስለዚህ «እኛ ቴክኒክ ስለሌለን ነው» የሚለው ወሬ ለእሱ አይሠራም። አሜሪካም ሄዷል፣ ተሠርቷል፣ የማይል ፍጥነትም አለው።

መስከረም 2025 ቶኪዮ ላይ ያ ሰው ለጄይላን ምትክ የሚሆንበት ዕድል እጁ ገባ። ሩጫው በሙቀቱ ምክንያት ቀርፋፋ ነበር፤ ለማይል ሯጭ የተመቸ። ሁሉም ነገር ወደ መጨረሻው ዙር ተገፋ። ግረሲዬ መጨረሻው ቀጥታ ላይ ከኋላ መጥቶ 28፡55.77 ገባ። ቀጀልቻ 28፡55.83።