በቃል የያዝነው ጸሎት

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዬ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ በር ላይ ጠበቀችኝ። እናቷ ሆስፒታል ከተኙ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር። «መምህር፣ መጸለይ አቃተኝ» አለችኝ። «በቃል የተያዘ ጸሎት ከልብ አይደለም፣ የጥንት ክርስቲያኖች የመጣላቸውን ነበር የሚጸልዩት ሲሉኝ አቡነ ዘበሰማያትን ተውኩ። አሁን ደግሞ የራሴም ቃል ጠፋኝ።» እኔ ግን ቆሜ ታሪክ አስተማርኳት። አመስግናኝ ሄደች። ያ መልሴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል፤ ማስረዳቱን ትቼ አብሬያት መጸለይ ነበረብኝ።

በቃል የተያዘ ጸሎት ከልብ አይደለም የሚለውን ወሬ የምሰማው ግን ከእርሷ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ይመጣል፤ እውነት ለመናገር ደክሞኛል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሊቃውንት በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ተጻፈ የሚሉት ዲዳኬ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ቁስጥንጥንያ ውስጥ የተገኘው መጽሐፍ፣ ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ካለ በኋላ ይህንኑ የጌታ ጸሎት ሙሉ ቃሉን አስፍሮ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸለይ ያዛል። ያው መጽሐፍ ነቢያት የፈለጉትን ያህል እንዲያመሰግኑም ይፈቅዳል። በቃል የተያዘውና እንደመጣ የሚጸለየው አብረው ኖረዋል፤ ያጣላናቸው እኛ ነን።

ደግሞስ ያን ጸሎት በቃል መያዝ ቀላል ነገር ነበር? ከፊሉ ሲኖዶስ በተባለው የግእዝ መጽሐፍ ተጠብቆ የደረሰን «የሐዋርያት ትውፊት» የተባለው የጥንት የሥርዓት መጽሐፍ ንኡሰ ክርስቲያን ከመጠመቁ በፊት ሦስት ዓመት እንዲማር ይደነግጋል። አውግስጢኖስ በሂፖ ጳጳስ ሳለ ደግሞ ተጠማቂዎች ጸሎቱን የሚቀበሉት ጥምቀታቸው ጥቂት ቀናት ሲቀረው ነው። ይነገራቸዋል፣ ይተረጎምላቸዋል፣ በቃላቸው ይዘው መልሰው ይሉታል። «አባታችን» ማለት የልጅ ነውና፣ ሊወለዱ ሲቃረቡ ይሰጣቸዋል። ለእነዚያ ሰዎች በቃል መያዝ ርስት እንደመረከብ ነበር።

ጸሎት ከትምህርቱ በኋላ የሚመጣ ልምምድም አልነበረም፤ ራሱ ትምህርት ነበር። የጥንቱ ጸሐፊ ጠርጡልያኖስ የጌታን ጸሎት የወንጌል ሁሉ ማጠቃለያ ይለዋል። እርሱም ሆነ ኦሪጀን፣ ቆጵርያኖስም፣ ስለ ጸሎት ሲጽፉ ይህንኑ አጭር ጸሎት ሐረግ በሐረግ ተርጉመዋል። ስለ እግዚአብሔር ስም፣ ስለ እንጀራ፣ ስለ ይቅርታ፣ ስለ ፈተና ያስተማሩት በእርሱ ነው።

የካርቴጁ ቆጵርያኖስ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ250 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ በክርስቲያኖች ላይ ካስነሣው ስደት በኋላ ነው። የካዱና የጸኑ ተለያይተው፣ ማኅበሩ ተሰንጥቆ ነበር። እርሱም አንድ ነገር አስተዋለ፦ ጸሎቱ «አባቴ» አይልም፣ «እንጀራዬን» አይልም። ብቻውን የሚጸልይ ሰው እንኳ የሕዝቡን ሁሉ ጸሎት ይጸልያል።

በቃል የተያዘ ጸሎት ባዶ ድግምት ነው ሲባል ትዕግሥቴ የሚያልቀው ለዚህ ነው። የራሱ ቃል የሚያልቅበት ቀን ለማንም ይመጣል። ያን ቀን አፍ የሚያገኘው ቀድሞ የያዘውን ነው። እናቱ አልጋ አጠገብ የቆመ ልጅ «አባታችን» ማለት ቢያቅተው እንኳ፣ «እኛ» ብለው የሚጸልዩ ሁሉ እርሱን ጨምረው እያሉለት ነው።