ጤና አዳም እና ፀሐይ

ቡና ስኒ ውስጥ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ጎንደርም፣ በእስራኤል ሞሬ ኮረብታ ላይ ባለችው አፉላ ኢሊትም የአበሻ ቤት ወግ ነው። ተክሉ ለእስራኤል አፈርም ባዳ አይደለም፤ ሩታ ቻሌፔንሲስ የሚባለው ይኸው ዝርያ በሜዲትራኒያን ዙሪያ በዱር ይበቅላል። ለሆድ ቁርጠት ፍቱን ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። ከፀሐይ ጋር ያለውን ጉዳይ ግን ብዙም አንነጋገርበትም።

በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሁዶች አሉ፤ ቤርጋፕቴን አንዱ ነው። ተክሉ ተባይንና ሻጋታን የሚከላከለው በእነሱ ነው። ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ዩቪኤ ጨረር ሲያርፍባቸው የዲኤንኤን ሁለት ክሮች እንደተበላሸ ዚፕ እርስ በርስ ያጣብቃሉ። ሕዋሱ መባዛት ያቅተዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ ያገኘው ቆዳ ወዲያው አያምም። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ጠባሳው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጠቁሮ ይቆያል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጥፋቱን በጤና አዳም ላይ አይጥልም።

ይኸው ኃይል በልክ ሲሆን መድኃኒት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ግብፃዊው ሐኪም አብደል ሞነም ኤል ሞፍቲ አሚ ማጁስ ከተባለ ተክል በተገኘ የዚሁ ወገን ውሁድ ለምጽን በፀሐይ ማከም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ አሜሪካውያን ሐኪሞች ውሁዱን በክኒን ሰጥተው፣ የቆዳ ሕዋሳት ያለ ልክ የሚባዙበትን ሶሪያሲስን በተመጠነ ዩቪኤ ማከም እንደሚቻል አሳዩ። ሕክምናው ፑቫ ይባላል። ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም የቆዳ ካንሰር ሥጋትን ስለሚጨምር ዛሬ በአብዛኛው በሌላ የብርሃን ሕክምና ተተክቷል።

ሐኪም ክኒኑንም ጨረሩንም ይለካል። የጓሮው ቅጠል ግን በውስጡ ያለው የውሁዱ መጠን እንደ ወቅቱና እንደ ክፍሉ ይለያያል፤ ስለዚህ ቅጠሉን ጨምቆ ለምጽ ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ፣ ማንም ቢመክረው፣ አደገኛ ነው።

ቡናችሁን በጤና አዳም ጠጡ። ስትቆርጡት ግን ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ሕፃናትን በበጋ ፀሐይ ከቁጥቋጦው አርቁ። ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ አፍልተው እንዳይጠጡት፤ ማኅፀንን ሊያነሣሣና ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።