ቀነኒሳ አበቃለት ወይ? መጀመሪያ የቱ ቀነኒሳ እንደሆነ እንስማማ



ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት። አዘና ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረው ዝናብ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ቢሆንም ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ውስጥ መቀመጫ አልነበረም፣ ቆመን ነው ያየነው። ፍልሰታ ስለሆነ ሻይ ያዘዘው ሰው ጥቂት ነው። ባለቤቷም የዛሬ ገበያ እንደማይሆን ገብቷት ዝም ብላ ከእኛ ጋር ታያለች። የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ነበር።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ታምራት ቶላ ብቻውን ተነጥሎ ወጥቶ 2:06:26 በሆነ ሰዓት የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ደሬሳ ገለታ 5ኛ ሆኖ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ይበተናል ብለን ስንጠብቅ ግማሹ ቁጭ እንዳለ ቀረ። የሚጠብቀው ቀነኒሳን ነው።

ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ወጣ። ሰዓቱ 2:12:24።

"በቃ፣ ይሄ ልጅ አበቃለት" አለ አንዱ ከጥግ። (ያኔ 42 ዓመት ሞልቶት ነበር፣ እኛ ግን አሁንም ልጅ እንለዋለን።) ሌላው ተነስቶ "አንተ ነህ የምታበቃለት!" ብሎ ተቆጣ። ጭቅጭቁ ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ባጃጅ ላይ ቀጠለ፣ በማግስቱም አልበረደም። እኛም እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው አልን። ዓመቶቹ የውድድር ስለሆኑ ከዚህ በታች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፋቸው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቀነኒሳን "አበቃለት" ስንለው ይሄ የመጀመሪያችን አይደለም። በ2009 በርሊን ላይ በዓለም ሻምፒዮና 5,000 እና 10,000 ሜትርን አንድ ላይ ካሸነፈ በኋላ ባቱ ላይ ጉዳት ደረሰበት። 2010 በአብዛኛው እንዲሁ አለፈ። በ2011 ዴጉ ላይ 10,000 ሜትሩን አቋርጦ ሲወጣ "አለቀ" ተባለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ብራሰልስ ላይ 26:43.16 ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ 4ኛ ሲወጣ እንደገና "አለቀ" ተባለ። በ2014 ወደ ማራቶን መጣ፤ የመጀመሪያውን ማራቶን እዚያው ፓሪስ ላይ 2:05:04 ገብቶ አሸነፈ። በ2016 በርሊን ላይ 2:03:03 ገባ። ከዚያ ዱባይ 2017 አቋረጠ፣ በርሊን 2017 አቋረጠ፣ አምስተርዳም 2018 አቋረጠ። በዚህ ጊዜ እውነቱን እንናገር፣ እኛም ተስፋ ቆርጠን ነበር።

በ2019 በርሊን መጣ። 37 ዓመቱ ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ መሪዎቹ ጥለውት ሄዱ፣ ሁላችንም የለመድነው ነገር መጣ ብለን አንገታችንን ደፋን። እሱ ግን ቀስ እያለ ተመልሶ ብርሃኑ ለገሰን ደረሰበት፣ አለፈውም፣ 2:01:41 ገባ። የያኔው የዓለም ክብረ ወሰን የኪፕቾጌ 2:01:39 ነበር። ሁለት ሰከንድ! ከ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ሰከንድ።

እንግዲህ ይሄን ያየ ሰው ዛሬ "አበቃለት" ለማለት ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን እነዚያን "አለቀ" የተባለባቸውን ጊዜያት መለስ ብለን ስናይ የሚገርም ነገር አለ፤ ተናጋሪዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የትራኩ ቀነኒሳ በእርግጥ በ2009 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ በትራክ የኦሊምፒክም ሆነ የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ አላገኘም። ያ ሰው፣ በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12:37.35፣ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 የሮጠው፣ በአገር አቋራጭ 11 የአዋቂ የግል የዓለም ዋንጫ የሰበሰበው፣ ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ የወሰደው፣ በ27 ዓመቱ ነው ጫፉን ያለፈው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሌላ ሯጭ ነው፤ በስም ብቻ አንድ ናቸው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ዕድሜ የሯጭን ጉልበት ባንድ ጊዜ አይወስድም፣ በየተራ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ የሚሄደው ፍጥነት ነው። የመጨረሻውን 400 ሜትር ከ55 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚያስፈተልከው ፈጣን የጡንቻ ክር እየሳሳ ይመጣል። ልብ በደቂቃ የምትመታው ከፍተኛ ቁጥርም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ይሄንን ማንም በልምምድ አያስቀረውም። ጽናትና የአሯሯጥ ቁጠባ ግን ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ለዚህ ነው የትራክ ንጉሦች በ30ዎቹ ወደ ማራቶን የሚሰደዱት። ኃይሌ ገብረሥላሴን አስታውሱ። በ2003 ፓሪስ ላይ (አዎ፣ ፓሪስ እንደገና) በዓለም ሻምፒዮና 10,000 ሜትር የ21 ዓመቱ ቀነኒሳ የ30 ዓመቱን ኃይሌን ሲቀድመው አገሩ ሁሉ "ኃይሌ አበቃለት" አለ። ኃይሌ በ35 ዓመቱ በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጦ የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ።

ከፍጥነት በኋላ የሚሄደው ሁለተኛው ነገር ግን ከቴሌቪዥን አይታይም። እሱን ለእኛ ያስረዱን አንድ የፈረስ ሰው ናቸው። አገው ምድር ላይ ስለ ዕድሜና ስለ ሩጫ ተወርቶ ፈረስ ሳይነሳ አይቀርም መቼስ። እኚህ አባት ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ለብዙ ዓመት የጋለቡ ናቸው። የፈረስ ዕድሜ ጥርሱን አይቶ ይታወቃል፣ ያን ሁሉም ያውቃል አሉን። የጉልበቱን ልክ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ጥር 23 ሳይሆን ጥር 24 ሄዳችሁ እዩት። ያረጀ ጥሩ ፈረስ በበዓሉ ቀን ከወጣቱ ጋር እኩል ይሮጣል፣ ሊቀድመውም ይችላል። በማግስቱ ግን እግሩ አብጦ፣ ገፈራውን ትቶ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ወጣቱ ሜዳ ላይ ይፈነጫል።

የስፖርት ሳይንስም ከዚህ የተለየ አይልም። ዕድሜው የገፋ ሯጭ ከከባድ ልምምድና ከከባድ ውድድር የሚያገግምበት ጊዜ ይረዝማል። ጅማቱ ቶሎ ይቆጣል። ማራቶን ደግሞ በየሳምንቱ ብዙ ኪሎ ሜትር ሳይቋረጥ ለወራት መደራረብ ይፈልጋል። አንድ ሳምንት በባት ሕመም ሲጠፋ የሁለት ሳምንት ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ ያረጀ ሻምፒዮን መጀመሪያ የሚያጣው ጥሩ ቀኑን አይደለም፣ የጥሩ ቀኑን ድግግሞሽ ነው። በፊት በዓመት አሥር ጊዜ የሚመጣው ቀን በዓመት አንዴ ይሆናል። መቼ እንደሚመጣም አስቀድሞ አይታወቅም።

አሁን የቀነኒሳን ከፓሪስ በፊት የነበረውን አንድ ዓመት በዚህ ዓይን እዩት። ታኅሣሥ 2023 ቫሌንሲያ ላይ 2:04:19 ገብቶ 4ኛ ወጣ። ሚያዝያ 2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ገብቶ 2ኛ ሆነ፤ ኬንያዊው አሌክሳንደር ሙቲሶ እስከ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች አብሮት ሮጦ በ14 ሰከንድ ብቻ ነው የቀደመው። ይሄ ከ40 ዓመት በላይ ላሉ ሯጮች የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ኃይሌ በ2007 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት ሰዓት 2:04:26 ነበር፣ በ41 ዓመቱ ከዚያ ፈጠነ ማለት ነው። (ጫማውን አትርሱ። ከ2017 ገደማ ወዲህ የመጡት ወፍራም ሶልና የካርቦን ዝርግ ያላቸው ጫማዎች ሰዓት ይቆርጣሉ፤ የድሮውንና የአሁኑን ደቂቃ ለደቂቃ ማወዳደር ትንሽ ያጭበረብራል።) ከዚያ አራት ወር ሳይሞላ ፓሪስ፣ ዳገት የበዛበት መንገድ፣ 39ኛ።

በዚያው በፓሪስ ደግሞ ተቃራኒውን አይተናል። የሜዳ ቴኒሱ ኖቫክ ጆኮቪች በ37 ዓመቱ፣ ማራቶኑ ሊካሄድ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ የ21 ዓመቱን ካርሎስ አልካራዝን በፍጻሜው አሸንፎ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ሰኔ ላይ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ሐምሌ ላይ ዊምብልደን በፍጻሜው በዚሁ ልጅ በሦስት ተከታታይ ሴት የተሸነፈ ሰው ነው። ስለዚህ ያረጀ ሻምፒዮን ቀኑ መጣለት ማለት ነው። ልዩነቱ ቴኒስ ላይ በብልሃት ነጥቡን ማሳጠር፣ አገልግሎት ላይ መደገፍ ይቻላል። ማራቶን ላይ ማሳጠር የሚባል ነገር የለም፣ 42 ኪሎ ሜትሩ ለሁሉም እኩል ነው። ኪፕቾጌ እንኳን በ39 ዓመቱ ፓሪስ ላይ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀነኒሳ ቢያንስ ጨርሷል። እኛ ይሄን ትንሽ ነገር አንለውም።

ይሁንና ጨዋታው የስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍን ነበር። በኦሊምፒክ ማራቶን ለአንድ አገር የተፈቀደው ሦስት ወንድ ብቻ ነው። ለኢትዮጵያ ይሄ ቁጥር ቀልድ ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ሯጫችን ሌላ አገር ቢወለድ ያለ ጥያቄ የሚመረጥ ነው። ለፓሪስ በመጀመሪያ የተመረጡት ሲሳይ ለማ፣ ደሬሳ ገለታና ቀነኒሳ ነበሩ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ለምን? ቀነኒሳ 2ኛ በወጣበት የለንደን ማራቶን ታምራት አቋርጦ ወጥቷል። ሲሳይ ሲጎዳ ቦታው ለታምራት ተሰጠ፣ ያ ተጠባባቂ ወርቁን ይዞ መጣ። ሲሳይ ባይጎዳ ኖሮ ወርቁን ያመጣው ሰውዬ እንደኛው ቴሌቪዥን ሊያይ ነበር።

ታዲያ ቀነኒሳን መምረጥ ስህተት ነበር? እኛ አይመስለንም። ሚያዝያ ላይ ከነበረው መረጃ ተነስቶ 2:04:15 የሮጠን ሰው መተው ማንም አይደፍርም። የተገላቢጦሹንም አይተናል፦ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ፌዴሬሽኑ በ2021 ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ አዘጋጀ፣ ቀነኒሳ አሠራሩን ተቃውሞ አልሮጠም፣ ከቡድኑም ቀረ። በማጣሪያው የሄዱት ሦስቱም ሯጮች ማራቶኑን አልጨረሱም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የለንደን ውጤት ለሁለቱ ሰዎች እኩል ነገር አይናገርም። ታምራት ያኔ 32 ዓመቱ ነው፤ አንድ መጥፎ ቀን ካለፈበት ከአራት ወር በኋላ ሌላ ጥሩ ቀን ማምጣት ይችላል፣ አመጣም። የ41 ዓመቱ ሰው ግን ጥሩውን ቀን ለንደን ላይ አውጥቶ ተጠቅሞበታል። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ድገም ማለት ጥር 24 ጠዋት ያንን ሽማግሌ ፈረስ ኮርቻ መጫን ነው። መራጮች ዕድሜው የገፋን ሯጭ ሲያስቡ "ምን ሰዓት አለው?" ብቻ ሳይሆን "ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ስንት ሳምንት ሳይቋረጥ ሄደ?" ብለው መጠየቅ አለባቸው እንላለን። እንጅባራና አዘና ብርዱ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ልጆችም የሚጠብቁት ይቺኑ ሦስት ቦታ ነው።

ስለዚህ ሻይ ቤት ለጀመረው ክርክር የኛ መልስ ይሄ ነው፦ ጫፉን ያለፈው በ2009 ነው። ጥሩ ቀን ግን አሁንም ሊኖረው ይችላል፣ በራሱ ጊዜና በራሱ ምርጫ፣ እንደ ለንደን ባለ ከተማ ውስጥ በሚካሄድ ውድድር ላይ። የአገር ማሊያ ለብሶ በተቆረጠ ቀን ይድገመው ብሎ መጠበቁ ነው የሚቀርለት።

ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ ቀነኒሳ 46 ዓመት ይሞላዋል፣ እዚያ አይጠበቅም። ታምራት ግን 37 ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል፣ ያኔ ይሄው ጭቅጭቅ በእሱ ስም መምጣቱ አይቀርም። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበሩ አንድ አዛውንት ከአሁኑ መልስ አዘጋጅተውለታል። ሻምበል ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ያመጡት በ36 ዓመታቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ፣ በ40 ዓመታቸው፣ ነሐስ ይዘው ተመልሰዋል።