የፊኛ ካንሰር ካሳ ሲከለከል፦ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደር ይግባኝ የሚጠይቀው እንዴት ነው?

በአሜሪካ ጦር አገልግለው በኋላ የሽንት ፊኛ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ወርኃዊ የጉዳት ካሳ ሊያገኙ ይችላሉ። ካሳውን የሚከፍለው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ «ቪኤ» ይለዋል። ትውልደ ኢትዮጵያ ሆነው በዚያ ጦር ያገለገሉ ስላሉ ጉዳዩ የእኛንም ቤት ይነካል። ጥያቄዎ ውድቅ ሆኖ ደብዳቤ ከደረሰዎ አይጣሉት። መጀመሪያ ሁለት ነገር ይፈልጉበት፦ የተጻፈበትን ቀንና የተከለከሉበትን ምክንያት።

ቀኑ ለምን ይጠቅማል? ይግባኝ ለማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ 1 ዓመት አለዎት። በዓመቱ ውስጥ ጠይቀው ከተፈቀደልዎ፣ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ካለፈ በኋላም አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ ይቻላል፤ የኋላው ውዝፍ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ብዙ ጊዜ «በሽታው ከአገልግሎትዎ ጋር ግንኙነት የለውም» ይላል። እዚህ ላይ የሕግ ግምት የሚባል ነገር ይረዳዎታል። የተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜ ያገለገለ ሰው ግንኙነቱን በሐኪም ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ሕጉ ራሱ ግንኙነት አለ ብሎ ይነሣል። ቬትናም ውስጥ ላገለገሉና ኤጀንት ኦሬንጅ ለተባለው ቅጠል ማርገፊያ ኬሚካል ለተጋለጡ የፊኛ ካንሰር በዝርዝሩ የገባው በ2021 ነው። በሰሜን ካሮላይና በካምፕ ሌጁን ከነሐሴ 1953 እስከ ታኅሣሥ 1987 ባለው ጊዜ ቢያንስ 30 ቀን የቆዩም፣ ውኃው ተበክሎ ስለነበር፣ ይካተታሉ። በጥር 2025 ደግሞ እንደ ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን፣ ሶማሊያና ጅቡቲ ባሉ አገሮች ተሰማርተው የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስና ደቃቅ አቧራ ለተነፈሱ ተጨመረ። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ተከልክለው ከነበረ እንደገና ይጠይቁ። የነበሩበትን ቦታና ጊዜ ለማሳየት የስንብት ወረቀትዎን፣ ዲዲ-214 የሚባለውን፣ ያውጡ። ቦታው እዚያ ላይ ካልተጻፈ የምደባ ትእዛዝ ወይም አብሮዎት ያገለገለ ሰው የጽሑፍ ቃል ይረዳል።

በየት በኩል ይጠየቃል? ከ2019 ወዲህ ሦስት መንገድ አለ። የጎደለ ወረቀት ካለ፣ አዲስ ማስረጃ አያይዘው በቅጽ 20-0995 ያመልክቱ። ማስረጃው ሁሉ መዝገቡ ውስጥ እያለ መርማሪው ከተሳሳተ፣ በቅጽ 20-0996 የበላይ ባለሙያ እንዲያየው ይጠይቁ። በዚህኛው አዲስ ወረቀት አይቀበሉም፤ ስሕተቱን ግን በስልክ ማስረዳት ይችላሉ። ሦስተኛው በቅጽ 10182 ዋሽንግተን ለሚገኘው የይግባኝ ቦርድ ማቅረብ ነው፤ እዚያ ዳኛ ያየዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በወራት ሊያልቁ ይችላሉ፤ ቦርዱ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የጎደለው አንድ ወረቀት ብቻ ከሆነ ቦርድ ድረስ መሄድ በከንቱ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ቦርዱም ከከለከለ በ120 ቀን ውስጥ ለቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል።

ገንዘቡስ ስንት ነው? ካንሰሩ ንቁ ሆኖ ወይም በሕክምና ላይ እያሉ ጉዳቱ 100 በመቶ ይባላል። በ2025 ተመን ቤተሰብ ለሌለው ሰው በወር 3,831 ዶላር ገደማ ነበር፤ ግብር የለበትም። ሕክምናው ካበቃ ከ6 ወር በኋላ ግን ቪኤ ምርመራ ያዛል። ካንሰሩ ካልተመለሰ ካሳው የሚለካው በቀረው ችግር ነው። ሊቀንሱ ካሰቡ አስቀድመው ይጽፉልዎታል፤ መልስና ማስረጃ ለማቅረብ 60 ቀን አለዎት።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሽንት አልቋጠር ብሎ በቀን ከ2 ጊዜ ያነሰ ፓድ የሚቀይር 20 በመቶ፣ ከ2 እስከ 4 ጊዜ የሚቀይር 40፣ ከ4 ጊዜ በላይ የሚቀይር ወይም የሽንት ከረጢት የሚይዝ 60 በመቶ ይሰጠዋል። ሌሊት ለሽንት 2 ጊዜ መነሣት 10፣ 3 ወይም 4 ጊዜ 20፣ ከዚያ በላይ 40 በመቶ ነው። ከሁለቱ የከበደው ይያዛል። በ2025 ተመን 20 በመቶ በወር ወደ 347 ዶላር ነበር፤ 60 በመቶ ወደ 1,396። ልዩነቱን የሚፈጥረው እርስዎ የሚናገሩት ቁጥር ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ስለ ሽንት ማውራት ያፍራል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ያም መዝገቡ ላይ «ችግር የለም» ሆኖ ሊቀር ይችላል። እባክዎ አያፍሩ። ከምርመራው በፊት ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ስንት ፓድ እንደቀየሩ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ በደብተር ይጻፉ፤ ደብተሩንም ይዘው ይሂዱ። ባለቤትዎም ያየችውን በቅጽ 21-10210 መመስከር ትችላለች።

ማመልከትም ሆነ ለቦርዱ ይግባኝ ማለት ክፍያ የለውም። እንደ አሜሪካን ሌጅን ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ በነጻ ይረዳሉ። ጠበቃ ከያዙ የተለመደው ክፍያ ከውዝፉ 20 በመቶ ነው፤ ከ33 በመቶ በላይ የጠየቀ ከልክ አልፏል ተብሎ ይገመታል። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ ይራቁት፤ ሕጉ አይፈቅድለትም።

አመልካቹ ውሳኔ ሳያገኝ ቢሞትስ? ጉዳዩ አብሮት አይቀበርም። የትዳር ጓደኛው በሞተ በ1 ዓመት ውስጥ በእሱ ቦታ ተተክታ ይግባኙን እንድትቀጥል መጠየቅ ትችላለች። ቅጹ 21ፒ-0847 ነው፤ የሞት ማስረጃና የጋብቻ ወረቀትም አብረው ቢዘጋጁ ሥራው ይፈጥናል።