ከእምኩሉ እስከ ነቀምት

ስለ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲወራ ሰው የሚያነሳው ፈረንጁን ነው። እኔ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ተማሪው የት ደረሰ ብዬ እጠይቃለሁ። ኦነሲሞስ ነሲብን እንይ። በልጅነቱ ተሽጦ ምጽዋ ደረሰ፤ ነፃ ወጥቶ ከስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተማረ፤ ስዊድንም ተልኮ መምህር ሆኖ ተመለሰ። አስቴር ጋኖም ከባርነት ወጥታ እዚያው ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ተማረች። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉም ቃላት የሰበሰበችለት እሷ ናት፤ ያለ እሷ ሥራው የሚሳካ አይመስለኝም። ስሟ ግን ብዙም አይነሳም! መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ሁለቱም በ1904 እ.ኤ.አ. ወለጋ ገቡ። ነቀምት ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ አስተማሩ። ካህናት ከሰሷቸው፣ ስብከትም ተከለከለ። ኦነሲሞስ ማስተማሩን አልተወም፤ በ1931 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ እዚያው ነቀምት ኖረ።