ከኮርኒስ በላይ የሚሄድ እሳት፦ ስለ እሳት መግቻ ምንነትና አሠራር

አንድ ሰበካ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ለገቢ የሚከራይ ሁለገብ ሕንፃ ሲያሠራ ስለ እሳት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። የኤሌክትሪክ መሥመሩን የዘረጋው ባለሙያ ነው ወይ? የእሳት ማጥፊያ ተገዝቷል ወይ? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም፤ እርሱም፣ እሳት ከተነሣ በኋላ በየት በኩል ይሄዳል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህ ጥያቄ መልስ የሆነውን፣ በኮርኒስና በወለል ውስጥ በሚገኙ ባዶ ቦታዎች የሚሠራውን የእሳት መግቻ ለማብራራት እንሞክራለን።

የማይታየው ክፍል

ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ዕቃ ቤቱና ጽሕፈት ቤቱ፣ አዳራሹና መማሪያ ክፍሉ በግድግዳ የተለያዩ ናቸው። በብዙ ሕንፃዎች ግን ግንበኛው ግድግዳውን የሚያቆመው ኮርኒሱ በሚመታበት ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ባዶ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ከታች አምስት ክፍል ያለው ቤት ከላይ አንድ ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው።

እሳት ሲነሣ ትኩሱ ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኮርኒሱ ጋር ሲገናኝም ወደ ጎን ይዘረጋል። ለመብራት በተበሳ ቀዳዳ ወይም በላላ መገጣጠሚያ በኩል ወደ ላይኛው ባዶ ቦታ ይገባል። በዚያም ለዓመታት የደረቀ ሞራሌ፣ አቧራ፣ የወፍ ጎጆና የኤሌክትሪክ ገመድ ያገኛል፤ በጣሪያው ጠርዝ የሚገባው ነፋስም ያራግበዋል። ከታች ያሉ ሰዎች በሩን ዘግተው እሳቱን በአንድ ክፍል የወሰኑት ሲመስላቸው፣ እርሱ በራሳቸው ላይ አልፎ ሦስት ክፍል ርቆ ሊወርድ ይችላል። አይጥ ከክፍል ወደ ክፍል በምትሻገርበት መንገድ ጭስም ይሻገራል፤ ጭስ በተሻገረበትም እሳት ይከተላል።

በጣውላ ወለል ሥር፣ በተሸካሚ አግዳሚዎች መካከል ያለው ክፍተትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ፎቅ ባላቸው ሕንፃዎች ደግሞ ለውኃ ቧንቧና ለገመድ በሶሌታው ላይ የተበሱ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ከቀሩ፣ እሳትና ጭስ ከምድር ቤት ወደ ላይ የሚወጣባቸው መንገዶች ይሆናሉ።

ከሁለት ታላላቅ ሕንፃዎች የተገኘ ትምህርት

ኅዳር 11 ቀን 1985 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዊንድሰር ቤተ መንግሥት የተነሣው እሳት የጀመረው በግል ጸሎት ቤቱ ውስጥ ነበር። ያቀጣጠለውም ከመጋረጃ ጋር የተጠጋ መብራት ነው። መጋረጃ፣ መብራትና ጧፍ ተቀራርበው በሚገኙባቸው አብያተ ክርስቲያናት ለምናገለግል ሰዎች ይህ አጀማመር እንግዳ አይደለም። ጉዳቱን ያሰፋው ግን መጋረጃው ብቻ አልነበረም። በጣሪያውና በሌሎች ባዶ ቦታዎች ውስጥ በቂ መግቻ ስላልነበረ እሳቱ በእነርሱ በኩል ተስፋፋ። 115 ክፍሎች ተጎዱ፤ እሳቱን ለማጥፋት 15 ሰዓታት ያህል፣ ሕንፃውን ለመጠገን ደግሞ አምስት ዓመታት ፈጀ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ተመልክተነዋል። የካቴድራሉ ጣሪያ የተሸከመው በመካከለኛው ዘመን የባሉጥ እንጨት ነበር፤ ከእንጨቱ ብዛት የተነሣም “ጫካው” ይባል ነበር። ይህን ሰፊ የጣሪያ ውስጥ የሚከፋፍል የእሳት ግድግዳ አልነበረም። የማስጠንቀቂያ ደወሉ ቢደወልም ጠባቂው መጀመሪያ የተላከው ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ነበር፣ እሳቱ እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ከመጀመሪያው ደወል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በኋላም የጉልላቱ ሹል ጫፍ ወደቀ። ካቴድራሉ ታድሶ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት ጣሪያው እንደ ገና በባሉጥ እንጨት ተሠርቷል፤ አሁን ግን በውስጡ እሳት የሚያግዱ መለያዎችና ውኃን እንደ ጉም የሚረጭ መሣሪያ ተጨምረውበታል። ጥንታዊውን መልክ መጠበቅና እሳትን ማገድ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይህ ያስረዳል።

መግቻው ምንድን ነው?

የእሳት መግቻ ማለት ከታችኛው ግድግዳ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው ክዳን ድረስ ባዶውን ቦታ የሚዘጋ፣ ቀዳዳ የሌለውና የማይነድ ክፍልፋይ ነው። ተግባሩ እሳትን ማጥፋት ሳይሆን ማዘግየት ነው። በእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ መሠረት በባዶ ቦታ የሚሠራ መግቻ ነበልባልን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ሙቀትን ደግሞ ለ15 ደቂቃ መቋቋም ይጠበቅበታል። ከኮርኒስ በላይ ያለ ባዶ ቦታም በጥቅሉ ከ20 ሜትር በላይ ሳይከፋፈል እንዳይዘልቅ ይኸው መመሪያ ይወስናል። እነዚህን ቁጥሮች የምንጠቅሰው ለመመዘኛ ያህል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሕንፃ የሚስማማውን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው።

ግማሽ ሰዓት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሌሊት ማሕሌት የቆመውን ምእመን በሰላም ለማውጣት፣ ካህናቱም ታቦቱን፣ ንዋያተ ቅድሳቱንና የብራና መጻሕፍቱን ለማዳን ያላቸው ጊዜ ይኸው ነው። ሕንፃ በገንዘብ እንደ ገና ይሠራል፤ አባቶች በእጃቸው የጻፉት ብራና ግን በምንም ዋጋ አይተካም።

ከምን ይሠራል?

በአዲስ ግንባታ ከሁሉ የሚሻለው የብሎኬቱን፣ የጡቡን ወይም የድንጋዩን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ማስቀጠልና በሁለቱም ወገን መለሰን ነው። የሚጨምረው ወጪ ጥቂት የብሎኬት ረድፍ ነው። በቆርቆሮው ሞገድ ሥር የሚቀሩትን ክፍተቶችም በማይነድ ነገር ጠቅጥቆ መድፈን ያስፈልጋል። ብሎኬት በማይገኝበት የገጠር ደብር በሚገባ የተመረገ የጭቃ ግድግዳን እስከ ጣሪያው ማድረስ ክፍት ከመተው እጅግ ይሻላል።

ግድግዳው ቀድሞ ካለቀ፣ በብረት ማዕቀፍ ላይ የሚገጠም ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጅብሰም ቦርድ ያገለግላል። ጅብሰም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የተያዘ ውኃ ነው፤ ሲሞቅ ይህ ውኃ በእንፋሎት መልክ እየወጣ የሙቀቱን መተላለፍ ያዘገያል። ከድንጋይ የሚሠራው የማዕድን ሱፍም የሚቀልጠው ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለ ሆነ ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ጊዜ እንዳይወድቅ ተጠቅጥቆ መግባት አለበት። በጣውላ ወለል አግዳሚዎች መካከል 38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ጣውላ በልክ ተቆርጦ ሊገጠም ይችላል። እንጨት ይነዳል እንጂ ወፍራም ሲሆን የሚከስለው ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ነውና።

ፎም፣ ስፖንጅ፣ የፕላስቲክ ኮርኒስና ስስ ቺፑድ ግን መግቻ አይሆኑም። ክፍተት በተራ ፎም መንፋትም እሳቱን መመገብ እንጂ ማገድ አይደለም።

አንድ ቀዳዳ ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል

መግቻ የሚጠቅመው ምሉዕ ሲሆን ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ክፍተት በጅብሰም፣ በሲሚንቶ ወይም ለእሳት በተዘጋጀ ማሸጊያ መደፈን አለበት። የፕላስቲክ ቧንቧ በሙቀት ቀልጦ ሲጠፋ በስፍራው ክብ ቀዳዳ ይተዋል። ስለዚህ በሙቀት አብጦ ቀዳዳውን የሚዘጋ አንገትጌ ማስገጠም፣ ካልተገኘም ትልልቅ የፕላስቲክ ቧንቧዎችን በመግቻው ውስጥ አለማሳለፍ ይመረጣል።

የአገጣጠም ጉድለት ምን ያህል እንደሚከብድ በለንደን ግሬንፌል ታወር ታይቷል። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚያ ሕንፃ 72 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከእነርሱም መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ይገኙበታል። ለእሳቱ መስፋፋት ዋነኛው ምክንያት ሕንፃው በውጭ የለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን መሆኑን ምርመራው አረጋግጧል። ከዚህም ጋር በሽፋኑ ውስጥ ሊኖሩ ይገባቸው የነበሩ መግቻዎች በአንዳንድ ስፍራ የሌሉ፣ በሌላውም በሚገባ ያልተገጠሙ ሆነው ተገኝተዋል።

በአጥቢያዎቻችን ለዚህ ችግር ምክንያት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከግንባታው በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። የድምፅ ማጉያ የሚዘረጋው፣ ካሜራ የሚሰቅለው ወይም መብራት የሚጨምረው ሠራተኛ ግድግዳውን በስቶ ገመዱን ካሳለፈ በኋላ ቀዳዳውን ሳይደፍን ይሄዳል። “የበሳ ይድፈን” የሚለው ደንብ በእያንዳንዱ የሥራ ውል ውስጥ ቢገባ ወጪ የለውም።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

መግቻ ኮርኒስ ከተመታ በኋላ አይታይም። ስለዚህ መመርመር ያለበት ከመዘጋቱ በፊት ነው። ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ መግቻው የሚሠራበት ስፍራ በንድፉ ላይ ይመልከት፤ በውሉም ውስጥ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይጻፍ። ቅድሚያ የሚሰጠው ዕቃ ቤቱን ከሌላው ክፍል፣ ማብሰያውን ከአዳራሹ፣ የሚከራዩ ሱቆችንም እርስ በርሳቸው ለሚለየው ግድግዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ኮርኒሱ ከመመታቱ በፊት የኮሚቴው አባላት ከመሐንዲሱ ጋር ወጥተው ይዩት። ሲመሽ በአንዱ ወገን ብርቱ መብራት አብርቶ ከሌላው ወገን መመልከት ቀላል ፈተና ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ጭስንም ያሳልፋል። ከዚያም ፎቶ ግራፍ ተነሥቶ ከሰነዱ ጋር ይቀመጥ፤ የሥራው ክፍያም ከዚህ ምርመራ በኋላ ይፈጸም።

ሦስተኛ፣ ጣሪያው አየር የሚያገኝባቸው የጠርዝ ክፍተቶች በስሕተት እንዳይደፈኑ ጥንቃቄ ይደረግ። አየር ያጣ ጣሪያ እርጥበት ይዞ እንጨቱ ይበሰብሳል። በኮርኒስ ውስጥ የገቡ መብራቶችም በሱፍ ተሸፍነው እንዳይግሉ ይታሰብበት።

ስለ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት

ጥንታዊ ሕንፃ ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ከባድ ግድግዳ በአሮጌ እንጨት ላይ መጫን፣ ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ መብሳት ወይም እርጥብ ሲሚንቶ መለጠፍ ከእሳቱ በፊት ሕንፃውን ይጎዳዋል። ከመቅደሱ በላይ የሚሠራ ሥራ ሲኖርም ባለሙያው ከመግባቱ በፊት የደብሩ አስተዳዳሪ እንደ ሥርዓቱ ሊወስኑበት ይገባል።

ክብ ቅርጽ ባላቸውና ጣሪያቸው አንድ ወጥ በሆነ አብያተ ክርስቲያናት መግቻ ማስገባት ብዙ ጊዜ አይቻልም። በዚያ የሚሻለው ብራናውና ንዋያተ ቅድሳቱ የሚጠበቁበትን ዕቃ ቤት ለብቻው፣ በድንጋይ ወይም በብሎኬት፣ ግድግዳው እስከ ክዳኑ ደርሶ እንዲሠራ ማድረግ ነው። በውጭ አገር አሮጌ ሕንፃ ገዝተው የሚገለገሉ አጥቢያዎችም ኮርኒሱን አስከፍተው ከላዩ ያለውን በአገሩ የእሳት ደኅንነት ባለሙያ ቢያስመረምሩ መልካም ነው፤ የቀድሞው ባለቤት የደበቀው ክፍተት ለአዲሱም ባለቤት ክፍተት ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ሲያልቅ ምእመናን የሚያዩት ነገር የለም፤ እንደ ጉልላትና እንደ ደወል ቤት አይመረቅም። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ግን አንድ ጥያቄ በአጀንዳ እንዲያዝ እንጠይቃለን፦ የዕቃ ቤታችን ግድግዳ የሚያበቃው የት ላይ ነው? መልሱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ መሰላል አቁሞ ማየት ያስፈልጋል።