ተጨማሪ መረጃ፦ የተለያዩ ራሞች በአንድ ማዘርቦርድ ላይ

ባለ 3200 እና ባለ 2666 የዲዲአር4 ራሞች አብረው ቢሰኩ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ይነሳል፤ ፈጣኑ ግን በዝግተኛው ልክ ይሠራል። መጠናቸው ቢለያይም ያው ነው፤ 8 እና 16 ጊጋባይት ተደምረው 24 ይሆናሉ።

ትውልድ መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይቻልም። የዲዲአር4ንና የዲዲአር5ን ራም ጎን ለጎን አድርጋችሁ በወርቃማዎቹ እግሮች መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። የሁለቱም እግሮች 288 ቢሆኑም የክፍተቱ ቦታ ይለያያል። አልገባም ያለን ራም በጉልበት መጫን ማስገቢያውን ይሰብራል።

ከሁሉም አስቸጋሪው፣ ኮምፒውተሩ በደንብ ተነስቶ ሥራ መሐል ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ ነው። ያን ጊዜ ማሽኑን አጥፉና ራሞቹን ተራ በተራ ለብቻ ሞክሩ። ለየብቻ ደህና ሆነው አብረው ካስቸገሩ፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል።